ከሠላሳ ቀን በፊት

(ረፋድ ላይ፣ በአንድ የአውራጃ ከተማ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል፦ በልብ ድካም ለአራተኛ ጊዜ የተኙት የሰባ አራት ዓመቱ ጡረተኛ የግሬደር ሾፌር ጋሽ ወንድይራድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወጥተው ስለሚመለሱ አረጋውያን ጥናት የምትሠራው ነርስ ሲስተር ውባለም የመውጫ ወረቀታቸውን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።)

ጋሽ ወንድይራድ፦ አልወጣም አልኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልሽ?

ሲስተር ውባለም፦ ዶክተሩ ፈርሟል፣ ጋሼ። እብጠትዎ ጎድሏል፣ ትንፋሽዎም ተስተካክሏል።

ጋሽ ወንድይራድ፦ የፈረመው ወረቀቱ ላይ ነው። እኔ ላይ አልፈረመም።

ሲስተር ውባለም፦ እርስዎ ደግሞ! ባለፈው መርቀውኝ አልነበር የወጡት?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ባለፈውማ ሰው ነበርኩ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ይባል የለ? መጀመሪያ ስመጣ አምስት ሐኪም ከበበኝ። በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አንድ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያ ልጅ እግር ሐኪም በሩ ላይ ቆሞ «አሃ፣ እኚህ ሰውዬ ናቸው» ብሎ አለፈኝ።

ሲስተር ውባለም፦ ደክሞት ነው። ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጠም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አልተቀየምኩትም። እኔም መስታወት ሳይ «አሃ፣ እኚህ ሰውዬ ናቸው» እላለሁ።

ሲስተር ውባለም፦ በሉ እንግዲህ፣ ለጥናቱ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎትና ልብስዎን ይልበሱ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይሄ ጥናትሽ አያልቅም እንዴ?

ሲስተር ውባለም፦ ሊያልቅ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አረጋውያን ናቸው። ግማሾቹ ሲወጡ የምክር ወረቀት ሰጠናቸው፣ ስልክ ደወልንላቸው። ግማሾቹ እንደ ድሮው ወጡ። ከዚያ ሠላሳ ቀን ሳይሞላው ተመልሶ የተኛው ማነው ብለን ቆጠርን።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እሺ፣ ማን ተመለሰ?

ሲስተር ውባለም፦ ከአራቱ አንዱ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ወረቀት ከተሰጣቸው?

ሲስተር ውባለም፦ ከተሰጣቸውም፣ ካልተሰጣቸውም። እኩል ነው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ግሬደር ነድቻለሁ። የውሃ መውረጃውን ቦይ ሳትጠርጊ የመንገዱን ጉድጓድ ብቻ ብትሞዪ፣ ክረምቱ መልሶ ይበላዋል። እኔን ብትጠይቂኝ በመጀመሪያው ቀን እነግርሽ ነበር።

ሲስተር ውባለም፦ ይኸው ልጠይቅዎት መጣሁ። ባለፈው ወጥተው በሃያ ሦስተኛ ቀንዎ ተመለሱ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ፈጽመዋል? በየቀኑ ይመዘኑ ብለን ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ተመዝኛለሁ! ሰፈሬ ውስጥ ሚዛን ያለው ወፍጮ ቤት ብቻ ነው። ከጤፍ ጆንያ ቀጥዬ ወጣሁበት። ባለወፍጮው «ጋሼ፣ ይፈጩ ነው ወይስ ይመለሱ?» አለኝ።

ሲስተር ውባለም፦ አያስቁኝ፣ ጋሼ፤ ሥራ ላይ ነኝ። ኪኒኑንስ ማን ያቀብልዎታል?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አምሳለ ናታ።

ሲስተር ውባለም፦ ባለቤትዎ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ባለቤቴ። ጽፈሽው የለ?

ሲስተር ውባለም፦ ትናንት በሰጡኝ ቁጥር ደወልኩ። ጎረቤትዎ አነሡት። «እትዬ አምሳለን ያቅርቡልኝ» ስላቸው ዝም አሉ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ያቺ ሴትዮ ዝም አለች? ተአምር ነው።

ሲስተር ውባለም፦ ከዚያ አለቀሱ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ነገረችሽ ማለት ነው።

ሲስተር ውባለም፦ እትዬ አምሳለ ካረፉ አራት ወር ሆኗቸዋል። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ «ባለቤታቸው ትንከባከባቸዋለች» ብዬ ሞልቻለሁ። ለምን አልነገሩኝም?

ጋሽ ወንድይራድ፦ የለችም ካልኩሽ ሞተች ማለት አለብኝ። እሱ ደግሞ ከአፌ አይወጣልኝም። አለች ስልሽ ግን፣ አንቺ እስክትጽፊው ድረስ እንኳ ትኖርልኛለች።

ሲስተር ውባለም፦ መቼ ነው የሆነው?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሁለተኛ ጊዜ እዚሁ ተኝቼ። በየቀኑ ያንን ዳገት በእግሯ ወጥታ ምሳዬን ታመጣልኝ ነበር። የሷም ደም ግፊት ነበረባት፤ ግን «ለአንድ ቤት አንድ ታማሚ ይበቃል» ትል ነበር። አንድ ቀን ቀረች። በማግስቱም ቀረች። ጎረቤት ምሳውን ይዞ መጣና «ጉንፋን ይዟት ነው» አለኝ። ሽሮውን ስቀምሰው የሷ እጅ እንዳልሆነ ገባኝ።

ሲስተር ውባለም፦ አልጠየቁም?

ጋሽ ወንድይራድ፦ በላሁት። ዝም ብዬ በላሁት። ሰው አንዳንዴ ማወቅ አይፈልግም።

ሲስተር ውባለም፦ እስኪወጡ ድረስ ማንም አልነገርዎትም?

ጋሽ ወንድይራድ፦ «ልቡ አይችልም» ብለው። ከቀረች በስድስተኛው ቀን ወጣሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሰፈርተኛው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ያን ጊዜ መናገርም አያስፈልጋቸውም ነበር። አርባ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ አፈር አላለበስኳትም፣ ሲስተር። እኔ እዚህ አልጋ ላይ ተኝቼ የሰው ሽሮ ስበላ ተቀበረች።

ሲስተር ውባለም፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እሱስ አጽንቶኛል። ችግሩ መጽናቴ ነው።

ሲስተር ውባለም፦ ልጅ የለዎትም?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ወረደ። ድምፁ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሲስተር ውባለም፦ ዕድሩስ?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ዕድር የሚያውቀው ሬሳ ነው። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ብረት ድስት አለው። ሊቀመንበሩን «በቁሜ ሳለሁ አንድ ሰው ብቅ እንዲልልኝ አድርጉ» ብለው፣ «ደንቡ አይፈቅድም» አለኝ። ስሞት ግን አይቀሩብኝም፤ እሱን አልጠራጠርም።

ሲስተር ውባለም፦ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ እንድትጎበኝዎት ጽፈን ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ፦ መጥታለች። አንኳኳች። ከአልጋ ተነሥቼ፣ ግድግዳ ይዤ፣ ሁለቴ አረፍ ብዬ በሩን ስከፍት ጀርባዋን አየሁት። አልፈርድባትም፤ ብቻዋን ስንቱን ቤት ታዳርስ?

ሲስተር ውባለም፦ እኛ ጋ የደረሰው «ተጎብኝተዋል» ተብሎ ነው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ የተጎበኘው በሩ ነው።

ሲስተር ውባለም፦ ታዲያ ብቻዎን ከሆኑ የኪኒኑን ሰዓት ማን ያስታውስዎታል?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ማንም ማስታወስ የለበትም።

ሲስተር ውባለም፦ እንዴት?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አልውጠውማ።

ሲስተር ውባለም፦ እየረሱት?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ዐውቄ ነው፣ ልጄ። ያንን ውሃ የሚያስወጣውን እተወዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ መነፋት ይጀምራል። ጠዋት ጠዋት ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። የጣቴ ጉድጓድ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ እቆያለሁ። አልሞላ ሲለኝ ባጃጅ አስጠራለሁ።

ሲስተር ውባለም፦ ሆን ብለው! ጋሼ፣ መንገድ ላይ ሊሞቱ ይችሉ ነበር እኮ!

ጋሽ ወንድይራድ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። እኔን እያሳሳቀ እዚህ አመጣኝ።

ሲስተር ውባለም፦ እዚህ ምን አለና? ሽታው፣ ጫጫታው፣ መርፌው…

ጋሽ ወንድይራድ፦ «እንዴት አደሩ» የሚል ሰው አለ። የጽዳቷ ሴትዮ «እግርዎን ያንሡ» ትለኛለች፤ እግሬን አነሣለሁ። ያ አልጋ ስምንት ያለው ሰውዬ ያንኮራፋል። ሰው ያንኮራፋል፣ ሲስተር! እኔ ቤት የሚያንኮራፋ እንኳ የለም።

ሲስተር ውባለም፦ ይህን ብጽፈው ምን እንደሚከተል ያውቃሉ?

ጋሽ ወንድይራድ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ እኮ ነው የነገርኩሽ። ጻፊው። ምናልባት ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ይቀጥሩ ይሆናል።

ሲስተር ውባለም፦ ላም አለኝ በሰማይ ነው እሱ። የሚሆነውን እኔ ልንገርዎት፦ «መድኃኒቱን ዐውቆ ለሚያቋርጥ ታማሚ አልጋ አይሰጥ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በቀደም ውጤቱን ሳቀርብ አንዱ ኃላፊ «ሽማግሌዎቹ ሆስፒታሉን መጦሪያ አደረጉት» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አንቺም ሳቅሽ?

ሲስተር ውባለም፦ … ፈገግ አልኩ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እውነቱን ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። ካልጻፍሽውስ?

ሲስተር ውባለም፦ ካልጻፍኩት «ምክሩም ስልኩም ለውጥ አላመጣም» የሚለው ብቻ ይቀራል። ያንን ይዘው ስልኩንም ያስቆሙታል። እኔም ሰኔ ሲያልቅ ወደ ድሮ ክፍሌ እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁት በቃ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ብትጽፊም ገደል፣ ባትጽፊም ገደል።

ሲስተር ውባለም፦ አልጽፈውም። በእኔ እጅ በር አይዘጋብዎትም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እንዲህ ከሆነ ወረቀቱን ቅደጂውና ልተኛ።

ሲስተር ውባለም፦ እሱን አልችልም። ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ የማን ሰው?

ሲስተር ውባለም፦ አንድ እናት ናቸው። እንደ እርስዎ ልባቸው ነው። ጋደም ሲሉ ይታፈናሉ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ያሉት። የሚለቀቀው አልጋ ይሄ ብቻ ነው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይህን የምትነግሪኝ አንጀቴን ለመብላት ነው?

ሲስተር ውባለም፦ ነው። ሌላ ምን አለኝ?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ብቻቸውን ናቸው?

ሲስተር ውባለም፦ ባለቤታቸው አሉ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሽማግሌ?

ሲስተር ውባለም፦ በእርስዎ ዕድሜ ይሆናሉ። ሦስቱንም ቀን ከአጠገባቸው አልተነሡም። የሚስታቸውን ያበጠ እግር በጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አሳርፈውላቸዋል። ትናንት ጥበቃው «የጥየቃ ሰዓት አልቋል» ቢላቸው፣ «ከፈለግህ ከነወንበሬ ተሸክመህ አውጣኝ» አሉት።

ጋሽ ወንድይራድ፦ … እንዲህ አሉት?

ሲስተር ውባለም፦ እንዲህ አሉት።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ጎበዝ። ጎበዝ ሰው። … ሸሚዜን አቀብዪኝ።

ሲስተር ውባለም፦ ጋሼ…

ጋሽ ወንድይራድ፦ አቀብዪኝ አልኩሽ። ለእኔ ያልተሰጠኝን ሰውዬው በእጁ ይዞታል። አልጋ ልከልክለው?

ሲስተር ውባለም፦ በየሳምንቱ እደውልልዎታለሁ። ለጥናቱ አይደለም፤ በራሴ ስልክ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ቃል አትግቢ፣ ልጄ። ልጅሽ አለ፣ ሥራሽ አለ። ቃል ገብቶ የቀረ ሰው፣ ሳይገባ ከቀረው ይልቅ ያማል። … ይሄን ቁልፍ ቆልፊልኝ፤ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል።

ሲስተር ውባለም፦ ይኸው። … አንድ ነገር ልለምንዎት፣ ጋሼ። እንደ ባለፈው አያድርጉ። ዶክተሩ ተሰላችቷል፤ ቶሎ ከተመለሱ የሚያስገባዎትም አይመስለኝ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አልመለስም።

ሲስተር ውባለም፦ እውነት?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አምሳለን! ይሄን አልጋ ሁለተኛ አልይዝም። አሁን ሂጂና ሴትዮዋን አስገቢያቸው፤ ባልዬውንም አብረሽ አስገቢው፣ ጥበቃው ምንም ቢል። እኔ ቀስ ብዬ ግድግዳውን ይዤ እወጣለሁ።

ሲስተር ውባለም፦ እስከ በር ልሸኝዎት። ከዘራዎን ይያዙ፤ ወለሉ ገና አሁን ተወልውሎ ነው። … እንዴ፣ ጋሼ! ይጠብቁኝ! ኪኒንዎን ትራሱ ላይ ረሱት እኮ!

ጋሽ ወንድይራድ፦ አልረሳሁትም፣ ልጄ።