የኬክ ቤታችን ኮምፒውተር እንዴት አማረበት

ነይ ግቢ ሳይሏን፣ ከማራገቢያው ሥር ተቀመጪ… ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ዝናብ ሊመጣ ሲል ያምሻል አይደል፣ እኔንም ትከሻዬን ይዞኛል። የጨረቃ በዓል በደረሰ ቁጥር ታይናን ከተማችን ላይ አውሎ ነፋስ ይመጣል ይባላል፣ ከዚያ ይቀራል። ስንቱ ነገር ይመጣል ተብሎ ይቀራል አንቺ… ኬክሽ ምድጃ ውስጥ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ምድጃው ስለሚጮህ ነው እንጂ፣ እዚያ ጥግ ኮምፒውተሩ ጋ ለተቀመጠ ሰው ብዬ አይደለም።

ኮምፒውተራችንን አየሽልኝ? አሮጌው እንደ እኔ አዝግሞ አዝግሞ ሲቆም፣ ልጄን ሊያገባ የሚያስብ አንድ ደግ ሰው ደረሰልን። ስም አልጠራም። ብጠራውም በዚህ ቤት ስም መጻፍ ቀርቷል፣ እሱን እነግርሻለሁ። «አክስቴ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ላጥፋውና ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ልጫንልዎ። ነፃ ነው፣ ደግሞ እንደ ልብ ይደረጋል» አለኝ፣ አክስቴ እያለ ሲያከብረኝ። እውነቱን ነው፣ ጭኖ ሲጨርስ ሻዩ እንኳን አልቀዘቀዘም። እንዲህ ያለ ፈጣን ሰው አይቼ አላውቅም። እንደ ልብ የሚደረገው እንደ ማን ልብ እንደሆነ አልጠየቅሁም… የእኔ ጥፋት ነው።

ምን ልንገርሽ፣ ውበት ነው። ትዕዛዝ ልመዘግብ ብዬ መስኮት ስከፍት መስኮቱ እንደ ቶፉ አይብ ይንቀጠቀጣል። ለምን ስለው «ደስ እንዲልዎ» አለኝ። ደስ አለኝ። ደግሞ እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ከትዕዛዙ ጀርባ ጉም የለበሰ ተራራ ይታይሻል፤ የማይታየው ስንት ኬክ እንደታዘዘ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የመዳፊቱን ቀስት የምታሳድድ ድመትም አለች። ከዚያ ጥግ የሚሠራ ማን ነው ብትዪኝ እሷ ናት፣ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ምልክቶቹ የተደረደሩበት መስመር ከታች ነበር፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ፣ አሁን ተሰውሯል፤ ቀስቷን ጥግ ወስደሽ ስትለማመጪው ብቅ ይላል። ምልክቶቹም ትናንት ክብ ነበሩ፣ ዛሬ አራት ማዕዘን ናቸው፣ ሁሉም ግራጫ። ባለቤቴ አትማለሁ ብሎ የእናቱን ፎቶ አጠፋ። አልተቀየመም፣ «ምልክቱ ግን ያምር ነበር» አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ… ሰው ጥምጣሙን እንዲህ አሳምሮ ከጠመጠመ፣ መማር ምን ይጨምርለታል?

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ቀርታለች። ትንሽ ያላት እሱ ነው። ፊደል። ኮምፒውተሩ በእኛ ፊደል አይጽፍም፤ ቁልፉን ስነካው የሚመጣው የፈረንጅ ፊደል ነው። «እሱ መጨረሻ ላይ ነው አክስቴ፣ መጀመሪያ መልኩ ይስተካከል» አለኝ። የሠፈሩ ቤተ መቅደስ ኮሚቴ ለቀደሙት አባቶች መታሰቢያ ያዘዘውን ኬክ ታውቂያለሽ፣ በየሳጥኑ ላይ የየቤተሰቡ ስም ይለጠፋል። በፈረንጅ ፊደል አትመን ብንልክ፣ የሹ ቤተሰብ አያቶች ከሞቱ በኋላ እንግሊዝኛ ይማሩ? ስለዚህ ልጄ ዪንቺዬ ጓዳ ቁጭ ብላ በእጇ እየጻፈች ነው። በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው፣ ጣቷ አብጧል። እሷ ከጓዳ ስም ስትጽፍ እሱ ከፊት ሆኖ የኮምፒውተሩን ሰዓት ቀለም ይመርጣል… ሥራ ተከፋፍለው ስታያቸው ደስ አይልሽም? ትዳር ማለት ይኸው አይደል?

ደግሞ አይቸኩልም። ይህን ነው የምወድለት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ? እሱ አፍሶ አያውቅም። ለማፍሰስ መጀመሪያ መቅዳት ያስፈልጋላ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉትም እሱን አይመለከትም… ገና እየታጠቀ ነው።

አረንጓዴዋን ከረጢትስ ታስታውሻለሽ? «ጨዋ ሁን» የምትባለዋን የበቆሎ ብስኩት ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጪ፣ እንዳይለግም ትጠብቀዋለች ያልሽኝ አንቺው ነሽ። አገሩ ሁሉ የሚያስቀምጣትን እኔ ለምን ይቅርብኝ ብዬ አስቀመጥኩ። ምልክት ሲያሳምር የዋለ ሰው መቼም ይርበዋል፣ በላት። በኋላ አፈረና ምትኳን ገዝቶ አኖረ… ቢጫ። ቢጫ እኮ ነው ሳይሏን፣ ማሽን ያስለግማል የሚባለውን። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ለገመ፤ በላተኛው ግን እንዴት ያለ ጨዋ ሆነ መሰለሽ፣ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አይልም።

እንግዲህ በበዓሉ ምሽት እናትና አባቱ እንደ በዓሉ ወግ አብረን ሥጋ ልንጠብስ እኛ ደጃፍ ይመጣሉ። የሠርጉን ቀን ከእኔ አፍ ሊሰሙ ነው። ባለቤቴ «አንቺው ቁረጪ» ብሎኛል። እምቢ ልበል? ልጄ ትወደዋለች፣ በዚያ ባበጠ ጣቷ እየጻፈች እንኳ በመጋረጃው አጮልቃ ታየዋለች። እኔስ ምን አደረገኝ ብዬ እጠላዋለሁ? ስለዚህ ቀኑን ቆረጥኩ። ሠርጉ ኮምፒውተሩ ባለቀ ማግስት ነው። አለቀ የሚለውም ራሱ ነው፣ እኔ አላጣድፈውም።

ይኸው ኬክሽ ደረሰልሽ፣ ሳጥኑን ከሥሩ ያዢው፣ ያቃጥላል። ስምሽን የጻፈችው ዪንቺ ናት፣ እዪው እንዴት እንደሚያምር። ስትወጪ በዚያ ጥግ በኩል እለፊና ይችን ቀይዋን ኬክ አድርሺልኝ። አዎ፣ በኤሊ ቅርጽ የምንሠራት ናት፣ ለረጅም ዕድሜ የምንሰጣት። ለሌላ ለማንም አልሠራሁም፣ ለእሱ ብቻ ነው። አክስትህ እንዲህ ብላ መረቀችህ በይው… የኤሊ ዕድሜ ሰጥቶ ለሠርግህ ያብቃህ።