የመይሙና ባቄላ

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ የጌጃ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጋሽ ሁመድ የፀረ አረም መድኃኒት ጠርሙስ በፌስታል ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ፣ በግብርና ኮሌጅ የምትማረው የጎረቤት ልጅ ፋይዛ በር ላይ አገኘቻቸው። ሰላምታው እንዳለቀ ዓይኗ ፌስታሉ ላይ አረፈ።

ጋሽ ሁመድ ሳይጠየቁ ብሶታቸውን ዘረገፉት። ሟች ባለቤታቸው መይሙና ከወሎ ካመጣችው የባቄላ ዘር የቀረው አንድ እፍኝ ነው። ሰኔ የዘሩት እንዳምናው ቢጫ ሆኖ ጫጭቷል። ኅዳር ላይ ለሙት ዓመቷ ዱዓ የሚመጣ ሰው ጓሮዋን አረም በላው እንዳይል፣ መድኃኒቱን ከታዘዘው እጥፍ አድርገው ይረጫሉ። አሁንም ረጭተው የመጨረሻዋን እፍኝ ሊዘሩ ነው። ምስኪን፣ ለሟች ክብር ብለው የሟችን ዘር ሊጨርሱት ነው።

ፋይዛ ጓሮ ገብታ ሁለት ባቄላ ነቀለች። የመደቡ ባቄላ ሥር ባዶ ነበር። ርጭቱ ያልደረሰው፣ አጥር ሥር በራሱ የበቀለው ግን እባጭ በእባጭ ነው። አንዱን በጥፍሯ ብትሰነጥቀው ውስጡ ቀላ።

«ይሄ የባክቴሪያ ቤት ነው ጋሽ ሁመድ። ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ባቄላውን ይመግቡታል። እንደ ክር የቀጠኑ ፈንገሶች ደግሞ ሥሩ ከማይደርስበት ውሃና ማዕድን ያመጡለታል። መድኃኒቱ ሲበዛ እነዚህ ይዳከማሉ፤ ሥር የሚያበሰብሱት ጀርሞች ቦታቸውን ይይዛሉ።»

«የሸጠልኝ ሰው የሚገድለው አረም ብቻ ነው ብሎኛል። ደግሞ ዓይን የማያየው ነገር ምን ይጠቅማል?»

«እርስዎ ኮት ሲሰፉ የውስጡን ካንባስ ማን ያየዋል? ኮቱን ያቆመው ግን እሱ አይደል?»

ጋሽ ሁመድ ወደ መደቡ ዞሩ። መይሙና ቁጢጥ ብላ በእጇ ስታርም፣ የነቀለችውን እዚያው ስትቀብር ታየቻቸው። ቆሻሻ ታከማቺያለሽ ብለው ይቆጧት ነበር። ያኔ ዝናብ ሲያባራ የአፈሩ ሽታ እስከ ስፌት መኪናቸው ይመጣ ነበር። ለካ እሱም ከጠፋ ሁለት ክረምት ሆኖታል።

«ጓሮዋን አጸዳሁ ብዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የእጇን ሥራ ነው ያጠፋሁት።»

ጠርሙሱ ሳይከፈት ለሻጩ ተመለሰ። ፋይዛ እንደመከረቻቸው ከአጥሩ ሥር አፈር እየዘገኑ ከእያንዳንዱ ዘር ጋር ቀበሩ፤ በእጃቸው አረሙ፣ ያረሙትንም አበስብሰው ለመሬቱ መለሱ። ባቄላው አረንጓዴ ሆነ፤ የምድር ትሉ ተመለሰ፤ ለመድኃኒት የሚወጣውም ወጪ ቀረ።

ኅዳር ላይ ዱዓው ሲያበቃ፣ ጋሽ ሁመድ አረም ጣል ጣል ባለበት ጓሮ ቆመው ለየእንግዳው አንዳንድ እፍኝ ዘር አደሉ።

«የመይሙና ነው» ይሉ ነበር። «አደራ፣ በእጃችሁ አርሙት።»