የድምፅ አልባው ፊልም ኮከብ

እትዬ ኣስገደት፣ እንደምን ዋሉ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? በዚህ ሐሩር ለጥቁር አዝሙድ ብለው ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ድረስ! እኔም ኮረሪማ አልቆብኝ ነው። አሎራ፣ እንግዲህ... ፊልሙን አዩት?

እንዴ! ያላዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የፍቅር ፊልም ነው፤ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው አስመስለው፣ ጥቁርና ነጭ አድርገው፣ ያለ ድምፅ የሠሩት። ትንፍሽ የሚል የለም፣ ፒያኖ ብቻ። ልጅቷ ኦስቲያ ባሕር ዳር ቆማ፣ ውኃ የወሰደባትን እጮኛዋን እየጠበቀች ታለቅሳለች። የኛዋ ልጅ እኮ ናት! ስሟን አልጠራም... ምን ያደርጋል፣ ፎቶዋ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ግድግዳ ሁሉ ላይ ተለጥፎ!

ደግነቷን ቢያዩ! ለተዋናይነት ፈተናው የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። እሷ «ሲኒትዬ፣ መንገድ እንዳይጠፋሽ» ብላ ሸኘችኝ። ስምንት ዓመት ሮም የኖርኩትን፣ በመጣች በሦስት ወሯ መንገድ ልታሳየኝ... የት ይገኛል እንዲህ ያለ አሳቢ? ዳይሬክተሩ ፊት ጣልያንኛዬን አንበለበልኩት። እሷ «እሺ» ለማለት ከምትላት «ቫ ቤኔ» በቀር ቃል የላትም፤ ዝም ብላ አየችው። «እሷ ናት!» ብሎ ብድግ አለ። ዝም አይነቅዝም ሲባል ነበር የምናውቀው፤ ለካ ያብባልም?

ቅናት? ኧረ እኔ! ምኗ ያስቀናኛል? እንባዋ ነው እንጂ የገረመኝ። ጋዜጠኛው «ይህን ሁሉ እንባ ከየት አመጣሽው?» ቢላት፣ በጀልባ ስትሻገር እጮኛዋን ማዕበል ከእጇ ላይ እንደነጠቃት ነገረችው። ምስኪን! በአውሮፕላን ስትመጣ ፊውሚቺኖ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ... ማዕበሉን በመስኮት አይታው ይሆን? ስሙንም ተናግራለች። «ክፍሎም» አለች። ክፍሎም የማን እጮኛ እንደነበረ እርስዎ ያውቃሉ...

አንድ እሑድ የክፍሎምን ነገር አልቅሼ ነበር የነገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የኔው አፋፍም አልበቃው፣ ሲኒማ ገባ! ኪኪኪ... ኧረ እየሳቅኩ ነው እትዬ። ዓይኔን? ሚጥሚጣው ነው፣ የዚህ ነጋዴ ሚጥሚጣ ይበናል።

ድምፄን ልቀንስ? ለምን፣ እያመሰገንኩ እኮ ነው! አዎ፣ አይቻታለሁ። በስተጀርባዎ ከቅመሙ መደብ ጋ ቆማለች፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ። ሰማችን እንዴ? ፊቷ ምነው እንዲህ ተለዋወጠ? ይኸው፣ ቃል ሳታወጣ ሁሉንም በፊቷ ተናገረችው። ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው!

በሉ እትዬ፣ እንዲህ ያለችውን ልጅ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፣ እንመርቃት እንጂ። እርስዎ ካልጀመሩ እኔ ልጀምር... የኔ እህት፣ ስምሽ ከፍ ይበል። ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። ከእንግዲህ እግዚአብሔር የሰው እንባ አያስለምንሽ... የራስሽን አትረፍርፎ ይስጥሽ!