ፈቲያ መጽሐፍ ስትፈልግ የሰነበተችበት ሳምንት

በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ የሙዚቃ ተማሪዎችን የጥናት ዘዴ አስተምር ነበር። «መጀመሪያ መጽሐፍ ፈልጉ፤ ሰው የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው» እላቸዋለሁ። ፈቲያ የምትባል ተማሪዬ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን የመልካ ጀብዱን የሠርግ ዘፈኖች ላጥና አለች። ዘፈኖቹን የሚያውቁ አዴ ሐሊማ የሚባሉ አሮጊት እዚያው ነበሩ። እሷ ግን ቃሌን አክብራ ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ ስታገላብጥ ሰነበተች፤ አንድ መስመር እንኳ አላገኘችም። በመጨረሻ መልካ ጀብዱ ሄዳ ባዶ ደብተሯን ይዛ ተመለሰች።

«ምነው፣ አልዘፍንም አሉሽ?»

«ትናንት ተቀብረዋል፣ ጋሼ። ልጃቸውም፣ እናቴ ዘፈኑን ስታወጣ እኔ ተቀባይ ነበርኩ እንጂ ግጥሙን አልያዝኩትም አለችኝ።»

ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን ዘርግታ፣ «አሁን ምን ልጻፍ?» አለችኝ። «ስማቸውን ጻፊ» አልኳት፤ ሌላ የማስተምራት አልነበረኝም።