ሽንት ቤቱን የደፈነው ጨርቅ

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ስመለስ ከፊቴ አንዲት ወጣት የተጠቀለለ ሽቦ ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እናት ጠየቋት።

«ሽቦው ለምንሽ ነው ልጄ?»

«ሽንት ቤታችን ተደፍኖብን ነው። ጅዳ ሠርቼ ለእናቴ ያሠራሁላት ነው። እግሯ አልታዘዝ ስላላት፣ ግድግዳ ይዛ እንድትደርስበት ብዬ መኝታዋ አጠገብ አደረግሁላት።»

«ምን ደፈነው?»

«ጨርቅ። ጁምዓ ለት ወንድሜ በእንጨት ሲጎረጉር ጫፉን ሳበው። የእናቴ የድሮ ሻሽ ነው። ለካ ሽንቷ ያመልጣት ኖሯል። እኛ እንዳናውቅባት ሻሿን እየቀደደች ከሥሯ ታደርግና እዚያው ትጥለዋለች።»

«ያ ረቢ። ምን አላችኋት?»

«እኔ ምንም አላልኳት። ወንድሜ ግን የማን እንደሆነ ሳያውቅ ‹ማነው ጨርቅ የሚጥለው?› ብሎ ሲቆጣ ሰማችው።»

«አብሽሪ፣ የቀረውን በሽቦው ታወጡታላችሁ።»

«ጨርቁስ ይወጣል እማማ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ውሃ አልጠጣም አለች። ብርጭቆውን ሳስጠጋላት ‹አልጠማኝም› ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።»

«ገላዋንስ ታጥቢያታለሽ?»

«እምቢ አለች። ዓረብ አገር የሰው እናት ሳጥብ ኖሬ መጣሁ። የራሴን እናት ግን መንካት ተከለከልኩ።»

«አላህ ያግራላችሁ» አሏት።

ልጠጣ የከፈትኩትን ውሃ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት።