ሰባት ድምፅ አለኝ ያልሁ ዕለት

በኛ ጊዜማ፣ ስሙኝ ልጆቼ፣ እኔ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ሚስት አግብቼ፣ በሬ ጠምጄ፣ ልጅ ወልጄ፣ ታዲያ ሽማግሎች ሲመክሩ ጥግ ቆሜ ነው የምሰማ። አፌን ብከፍት አባቴ በዓይኑ ይውጠኛል። አሁንማ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ለከተማው ምርጫ በዐሥራ ሰባት ዓመት ድምፅ ይሰጣል! ሕጉ ነው፣ ምን ይደረግ።

እና ባለፈው ምርጫ ሲደርስ አንዱ የኛው ሰው፣ ለተወዳዳሪ ድምፅ የሚለቅም፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሳሎኔ ገባና ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ፣ "አባ ፈረደ፣ እርስዎ ካሉ አለቀ። ከቤትዎ ስንት ድምፅ አለ?" አለኝ። እኔም ተኮፈስሁና "ሰባት!" አልሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ጥሩወርቅ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ፣ ሁለቱ ምራቶቼ፣ እና ያች ዐሥራ ሰባት የሞላት የልጅ ልጄ ሺራ።

ታዲያ ይችው ሺራ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች፣ እኔን አያቷን በዕብራይስጥ እየጠራች፣ "ሳባ፣ ስድስት በል። የኔን አልሰጠሁህም" አትለኝም! ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞራ፣ "ባለፈውም መጥተህ ለልጆች ሜዳ መብራት እንተክላለን ብለህ ነበር። የታለ?"

"እ... በሂደት ላይ ነው፣ እኅቴ።"

"አምስት ዓመት ሙሉ ሂደት?"

አፈርሁ። እንግዳ ፊት እኮ ነው! ቃሌን ሰጥቻለሁ። "ልጅ ናት፣ እሷን ለኔ ተዋት" ብዬ ሸኘሁት።

ከዚያማ ተነሣሁባት። እሷ ይባስ ብላ፣ "ገና መሠረታዊው ሕግ ይሻሻልና ለክኔሴትም በዐሥራ ሰባት እንመርጣለን" ትለኛለች። ጭራሽ ለአገሩ ምክር ቤት! "ጥሩወርቅ፣ ንገሪያት እንጂ!" አልሁ። "አንቺ እዚህ አገር ከገባን መቼ ከቃሌ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?"

ጥሩወርቅ ሽንኩርቷን ትልጣለች። ቀና እንኳ ሳትል፣ "እኔስ መቼ አንተ ያልኸውን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ አውቃለሁ?" አትልም!

"ምን አልሽ?"

"ከመጋረጃው ኋላ ማን ያየኛል።"

ልጆቼን ባይ፣ ሁለቱም ኮርኒስ ኮርኒሱን ያያሉ። ምራቶቼ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ እያስቀመጥሁ የማድለው ድምፅ የራሴ አንድ ብቻ ኖሯል!

ተናደድሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥሩወርቅን ሁለት ቀን አላናገርኋትም። በኋላ ግን ሳቄ መጣ። እና አሁን ደግሞ የመምረጫው ዕድሜ ወደ ዐሥራ ስድስት ይውረድ የሚሉ መጥተዋል አሉ። ይውረድ! ይች ልጅ እኮ ፊት ለፊቴ ነው የነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት ያታለለችኝ የሰባ ዓመቷ ናት፣ ሃሃሃ!