ለእናቲቱ ራሷ ይነገራት ያሉት ሲስተር ብርሀንነሽ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ሼህ ጀብሪል፣ የመካነ ሰላም እናቶችና አባቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፤ እንደምን ዋላችሁ። ጋሹ እባላለሁ። ዛሬ ከምንቀብራቸው ከሲስተር ብርሀንነሽ ጋር በጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማልቀሱን አልቅሰናል፤ እኔ ዛሬ የቆምኩት ልኮራባቸው ነው።

በ2003 ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሳምንቴ፣ አንዲት እናት የሞተ ልጅ ወለደች። እኔም «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አልኳት። ሁላችንም የምንለው አይደል? ሲስተር በገዋኔ ጎትተው ኮሪደር አወጡኝ።

«ስማ፣ ምሩቁ! ባሏ ቢሞትባት ‹አይዞሽ፣ ሌላ ታገቢያለሽ› ብለህ ለቅሶ ትደርሳለህ?»

ፈገግ አላችሁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ «ሌላ» የምትል ቃል ማዋለጃ ክፍላችን ገብታ አታውቅም።

ፈይዛን ታውቋታላችሁ፤ ባሏ ጅዳ ነው። የማወራው ንገርልኝ ስላለችኝ ነው። ስድስት ወሯ ሳለ ደሴ ሄዳ በአልትራሳውንድ ታየች። የሕፃኑ ራስ ቅል አልተሠራም፤ ቢወለድም አይቆይም። ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ሲመለሱ የውጤቱን ወረቀት የያዙት አማቷ ነበሩ።

«እሷ እንዳትሰማ! ትደነግጣለች። ለኔ ንገሩኝ» አሉ።

ሲስተር ምን አሉ?

«እትዬ አሚራ፣ ያረገዙት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ከዚያ ወንበር ስበው ፈይዛ ፊት ተቀመጡ። ያለውን ነገሯት። ሕጉ የሚፈቅደውንም ነገሯት። ልጁ እስኪወለድ ከጠበቀች ደግሞ በመተንፈሻ ቱቦ ሳይሠቃይ፣ ሕመም ቢሰማው ማስታገሻ ተሰጥቶት፣ ደረቷ ላይ ሞቆት ሊያልፍ እንደሚችል ነገሯት። ምረጪ አሏት።

ፈይዛ አልቅሳ አልቅሳ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ነፍሱ ሳትወጣ ለአዛን ይደርስልኛል?»

«ቃል አልገባልሽም፣ የኔ ልጅ። ሼሁን ግን በር ላይ አቆማቸዋለሁ።»

አቆሟቸው! ሼህ ጀብሪል፣ ይመስክሩ። ሲስተር በእጃቸው የሠሩትን ኮፍያ አጥልቀውለት፣ ሕፃኑን ከነሙቀቱ አመጡልዎ። በጆሮው አዛን ተባለለት። ስም ወጣለት፤ ሁዜይፋ ተባለ። አርባ ደቂቃ በእናቱ ደረት ላይ ኖረ። አርባ ደቂቃ ትንሽ ናት? ፈይዛን ጠይቋት!

«እንኳን ነገሩኝ» ትላችኋለች። «ሳላውቅ ቢሆን በጨርቅ ሸፍነው ይወስዱብኝ ነበር።»

ሲስተር፣ ነገ ማክሰኞ ነው፤ የነፍሰ ጡሮች ቀን። ሁለታችን ልንነግራት የቀጠርናት እናት ትመጣለች። ውጤቷን አይተውታል። ቃሉን ከየት አመጣዋለሁ? ቢሆንም ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ።

አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ፣ ሲስተር። ይረፉ። ተረኛው እኔ ነኝ።